ከሺህ ብልጭታ አርባ

ሐኪሞቹ ለባሏ ከሁለት ወር በላይ ዕድሜ አልሰጡትም። እሷም ቆርጣ ተነሳች፤ ቀመሩ ትክክል መሆኑን ሳያይማ አይሞትም።

ቀመሩ የሃያ ዓመት ልፋቱ ነው። ኤሌክትሮን ከአቶም እንዳይወጣ የሚያግደው ግድግዳ አለ። ብርቱ የሌዘር ብልጭታ ግድግዳውን ሲያሳሳው፣ ኤሌክትሮኑ ዘሎ ማለፍ ባይችል እንኳ ሾልኮ ይወጣል። ከሺህ ብልጭታ በአርባው ይሾልካል ይላል የባሏ ስሌት። እሷ ግን በምትሠራበት ቤተ ሙከራ የሌዘር ማሽን ላይ ስትሞክረው የምታገኘው ዘጠኝ ነው።

ጠዋት ትገባለች፣ ሲመሻሽ ትወጣለች። ባሏ ትራሱን ተደግፎ ይጠብቃታል።

«ጣውንቴ እንዴት ዋለች?» ይላል። ማሽኗን የሚጠራት እንዲህ ነው።

«ዛሬም ዘጠኝ።»

«እምቢ ካለችሽ ተያት እንግዲህ» ይላል ፈገግ ብሎ። «ነገም ትሄጃለሽ?»

ፈገግታው አንጀቷን ይበላዋል። ተስፋ መቁረጡን ሊደብቀኝ ነው እያለች በማግስቱ አንድ ሰዓት ቀድማ ትወጣለች።

ማሽኗን አበላሽቶ ይሆናል ብላ የጠረጠረችው አብሯት የሚሠራውን ቴክኒሻን ነው። የባሏ የልብ ጓደኛ ነው፤ በምሳ ሰዓት እየሄደ ይጠይቀዋል። ሰሞኑን ግን ዓይኗን ይሸሻል። እሷ ወደ ማሽኗ ክፍል ስትገባ እሱ ሰበብ ፈልጎ ይወጣል። «እህቴ፣ ይቅርብሽ፤ ቤትሽ ግቢ» ማለትም አብዝቷል። በጓደኛው ሥራ ቀንቶ ይሆን? ሰው ክፉ ነው አለች በሆዷ።

ያልፈተሸችው ነገር አልነበረም። ጋዙን ቀየረች፣ መስታወቶቹን አንድ በአንድ ወለወለች። የኃይል መለኪያው ጨረሩ ደህና ነው ይላል። በስድስተኛው ሳምንት፣ አንድ ሐሙስ ረፋድ ላይ፣ ከመለኪያው ወዲያ ያለውን ቱቦ ከፍታ እጇን ሰደደች። ጣቷ ጨረር የሚያደክም ስስ መስታወት ነካ። እሷ አላስገባችውም። ከእሷ ሌላ የክፍሉ ቁልፍ ያለው ደግሞ ቴክኒሻኑ ብቻ ነው።

መስታወቱን አውጥታ ማሽኗን አስነሳች። ሠላሳ ዘጠኝ። አርባ አንድ። አርባ።

ብቻዋን አለቀሰች፣ ብቻዋን ሳቀች። ወረቀቱን ይዛ እየሮጠች ቤቷ ደረሰች።

የባሏ እህት ከአልጋው አጠገብ ተነሳች። «ግማሽ ሰዓት ቢሆነው ነው» አለቻት። «እስከ መጨረሻው በሩን በሩን ሲያይ ነበር።»

ከቀብሩ መልስ ቴክኒሻኑን ግቢው ጥግ ላይ ያዘችው።

«ምን በደለህ? የልፋቱን ፍሬ ሳያይ እንዲሞት ያንን መስታወት ለምን አስገባህበት?»



«እሱ ራሱ ለምኖኝ ነው ያስገባሁት» አለ ሰውዬው መሬት መሬቱን እያየ፤ «‹ሥራው እምቢ ሲላት ትታው ትመጣለች፤ የቀረችኝን ጊዜ አጠገቤ ትቀመጥልኛለች› ብሎ።»