የአልጋነሽ ሻጋታ

ዋጫ ገበያ ዳር የተባይ መድኃኒት የሚሸጠው ቢሻው አልጋነሽን በዓይኑ ማየት አይፈልግም። ድሮ እንዲህ አልነበረም። ተምች በቆሎዋን በወረረ ቁጥር ወደ እሱ ሱቅ ትሮጥ ነበር፤ መርቃው ነበር የምትመለሰው። ሆድና ጀርባ የሆኑት ሻጋታ ማራባት ከጀመረች ወዲህ ነው።

ሥራውን ያስተማሯት ከቦንጋ የመጡ ባለሙያዎች ናቸው። ገብስ ዘፍዝፋ በእንፋሎት ትቀቅላለች፣ በፕላስቲክ ከረጢት ትሞላለች፣ የሻጋታውን ዘር ጣል ታደርግበትና አፉን በጥጥ ትወትፋለች። ሰነባብቶ ገብሱ አረንጓዴ ዱቄት ይለብሳል። ያንን በውሃ በጥብጣ በቆሎው ላይ ስትረጨው ተምቹ ይታመማል፣ ይደርቃል፣ በመጨረሻም እሱ ራሱ ሻግቶ ይሞታል። ሰውም ከብትም አይነካም ይባላል።

ወሬው ከመንደር መንደር ዞረ። ገበሬው የቢሻውን መደርደሪያ በሩቁ እያየ፣ "እስቲ መጀመሪያ የአልጋነሽን ልይ" ብሎ ማለፍ ለመደ። ቢሻው ሱቁን የከፈተው በሬዎቹንና ቀፎዎቹን ሸጦ ነው። ሱቁ ከተዘጋ የሚመለስበት ሥራ የለውም። በሴትዮዋ ላይ ቂም ቢይዝ ምን ይገርማል?

አንድ የገበያ ቀን ራሷ መጣች። ቢሻው ከመድኃኒቱ ጎን እህልም ይቸረችር ነበር።

"ገብስ አለህ?" አለችው፤ ሰላምታ የለም።

"ለሻጋታዎ ነው፣ እትዬ አልጋነሽ?"

"ለሻጋታዬ ነው። ከቦንጋ እንግዶች ማሳዬን ሊያዩ ይመጣሉ። እነሱ ካመኑበት መንደሩ ሁሉ ይማራል። ያን ጊዜ ያንተ መርዝ እዚሁ አቧራ ይጠጣል።"

"ታዲያ ከመርዘኛ እህል መግዛት ምን ይሉታል?"

"የሌላው ሁሉ ነቀዝ የበላው ነው። ያንተ ደህና ነው። እውነቱን ብናገር ምላሴ አይቆረጥም።"

ቢሻው ጥርሱን ነከሰ። "ነገ ይላኩ፤ አበጥሬ አስቀምጥልዎታለሁ" አላት።

እንደ ሄደች ሱቁን ዘግቶ ወደ ጓዳ ገባ። ዘር አፈር ውስጥ እንዳይሻግት የሚታሽበትን ዱቄት አወረደ፤ ማሸጊያው ላይ የራስ ቅል ተስሏል። አፉንና አፍንጫውን በጨርቅ አስሮ፣ ጓንት አጥልቆ ገብሱን ደህና አድርጎ አሸው። ዱቄቱ የገብስ ብናኝ ነው የሚመስለው፤ ማንም አይለየውም።

"በይ እንግዲህ አሻግቺ" አለ ለብቻው።

ለሰው አፍ እንዳይደለ ሴትዮዋ ራሷ ነግራዋለች። ስለዚህ ሕሊናው አልቆረቆረውም።

ከዚያ ወዲያ ጆሮው ወሬ ከመልቀም አላረፈም። "የአልጋነሽ ከረጢት እምቢ አለ፤ አንዲት የሻጋታ ነጥብ እንኳ የለበትም" ሲሉ ሰማ። አንጀቱ ቅቤ ጠጣ።

እንግዶቹ በሚመጡበት ቀን ውርደቷን በዓይኑ ለማየት ዳገቱን ወጣ። ፀሐዩ ከባድ ስለነበር ላቡ ተንጠፈጠፈ። ደጃፉ ላይ ጎረቤቷ ሰብሌ ማር የገባበት በሶ ለመጣው ሁሉ ታድላለች። አንድ ኩባያ ተቀብሎ በአንድ ትንፋሽ ጨለጠ። ደስ ያለው ሰው ሲጠጣ እንዲህ ነው።

ማሳው ጋ ሲደርስ ግን በቁሙ ደረቀ።

በቆሎው ጥቅጥቅ ብሎ ቆሟል። ኤርምያስ የተባለው የቦንጋ ባለሙያ ቅጠል ገልጦ አረንጓዴ ለብሶ የደረቀ ተምች ለሰዉ ያሳያል። ገበሬው ኩባያውን መሬት አስቀምጦ ያጨበጭባል። አንዱ ደግሞ ወደ ቢሻው ዞሮ፣ "ሱቁን ለማን ታከራየዋለህ?" ብሎ አሳቀበት።

ቢሻው በሶ ይዛ በሰዉ መሃል ወደምትዞረው ሰብሌ ዞረ። ሁለተኛ ኩባያ ተቀበለ። ይሄኛው መረር አለው፤ ምሬቱን ከገዛ ሆዱ የመጣ አድርጎ ቆጠረው። ይዞት ወደ አልጋነሽ ሄደ።

"ከረጢቱ እምቢ አለ ሲሉ ሰምቼ ነበር።"

"እምቢ ያለኝ ያንተው ገብስ ነው" አለችው። "ደግሜ ብሞክረው ያው ነው። ኋላ ሁስና ሱቅ ስብርባሪ ሩዝ አገኘሁ። ሩዙ ላይ እንደ ሣር በቀለልኝ።"

በሩዝ ተሸነፈ! ቢሻው ንዴቱን ከበሶው ጋር አወራርዶ ባዶውን ኩባያ መለሰላት።

"ገብሴን ታዲያ ደፉታ?"

አልጋነሽ ከተጣሉ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለችለት።

"ምን ሲደረግ ይደፋል! ሻጋታ እንኳ ያልደፈረው ንጹሕ ገብስ ለሰው እንጂ ለተምች አይሆንም ብዬ ቆልቼ አስፈጨሁት፤ በሶው እንዴት ነው?"