ዓይናፋሩ መቁረጫ

ማክሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ታናሽ ወንድሟ ወር ሙሉ የሠራበትን የካርቶን መቁረጫ እሷ በምትሠራበት የመጋዘኑ ዕቃ ማደያ መስኮት አቀበላት። መግፊያውን ጣት ሲለቀው ስለቱ በራሱ ወደ ውስጥ የሚገባ ዓይነት ነበር።

«እታለም፣ ይሄ ዓይናፋር አደከመኝ፤ ካርቶን ባየ ቁጥር ይደበቃል። ሁለት መኪና ዕቃ ገብቷል፤ በእማዬ ሞት መግፊያውን እሰሪልኝ።»

«አንተ ችኩል!» ብላ ሳቀች። ስለቱን አውጥታ እንዳይመለስ መግፊያውን በስኮች ሁለት ዙር ጠመጠመችለት።

«እጅሽ ይባረክ» አላት። እዚያው ፊት ለፊቷ አንድ ካርቶን ቀደደ፤ ከዚያ መታሰሩን ረስቶ መቁረጫውን እንደልማዱ ኪሱ ከተተና ዕቃውን ሊያነሳ ጎንበስ አለ። ስለቱ ብሽሽቱ ውስጥ ገባ። ሮጣ ወጥታ ቁስሉን በሁለት እጇ ብትጫነውም ደሙ አልቆመም።

ሐሙስ ቀበሩት። መጋዘኑ ለግማሽ ቀን ተዘጋ።