የበረንዳው ብረት ዕድሜ

ጡረተኛው ሻምበል ስብሰባው ላይ የመጣው ሌባ ሊይዝ ነው። ሌባዋ ደግሞ ሌላ ማንም አይደለችም፤ ባሕሩ ዳር የቆመው የሕንፃቸው ማኅበር ሊቀመንበር ናት። ባሏ የሞተባት፣ ስትናገር እንኳ ድምፅዋ የማይሰማ ሴት።

ለጣሪያና ለቧንቧ ሲጠራቀም የኖረውን መጠባበቂያ በሙሉ አውጥተን የበረንዳዎቹን ብረት እንቀይርበት አለች።

«መሐንዲስ አስጠንቻለሁ» አለች። «ሌላ አገር ሠላሳ ዓመት የሚቆይ ብረት እዚህ አሥርም አይዘልቅም። የባሕሩ ጨው ከውስጥ በልቶታል። እስኪቀየር ማንም እንዳይደገፈው።»

«መሐንዲሱ አማችሽ አይደል እንዴ?» አለ ሻምበል።

«የልጄ ባል ነው፤ ግን እኮ ሻምበል…»

«ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ!»

ግቢው በሳቅ ተናጋ። ብረቱ በየዓመቱ ቀለም ይቀባል፤ እንደ ሙሽራ ያበራል። ማን ያምናታል? በዚያው ቀን አወረዷት።

ሻምበል ግን ነገር ከጀመረ አይለቅም። ለአማቷ መሥሪያ ቤት አቤቱታ አስገባ፤ ልጁ ከሥራ ተባረረ። በሯ ላይ አንዱ በቀለም «ሌባ» ብሎ ጻፈባት። ስትፈገፍገው እያየ ሻምበል ደስ አለው። እሷም ቤቷን ሸጠች።

በምትለቅበት ጠዋት የሻምበል ሚስት በረንዳው ላይ ያሰጣችው አንሶላ ቡናማ ነጠብጣብ አወጣ ብላ ትነጫነጫለች።

«ሳሙናሽ ነው» አላት።

ከታች ተሸካሚዎቹም ያጉረመርማሉ። ሴትዮዋ መኪናውን ከበሩ አርቃ፣ ከመንገዱ ማዶ አስቁማባቸዋለች።

ዕቃው ተጭኖ ሲያልቅ መሀል መንገድ ላይ ቆማ ወደ ላይ ቀና አለች።

«ጎረቤቶቼ! ቂም የለኝም! ውጡና መርቃችሁ ሸኙኝ!»

ድምፅዋ እንዲህ ጎልቶ ተሰምቶ አያውቅም። በረንዳዎቹ አንድ በአንድ ሞሉ። ሻምበል ለመጀመሪያ ጊዜ አዘነላት። ሚስቱን ጠራ፣ የልጅ ልጆቹንም ሰበሰበ፣ ትንሿን አቀፋትና ወጣ።

«እግዜር ይከተልሽ!» አላት በረንዳው ላይ ከኋላው ግድግዳ ተጠግቶ።

ሴትዮዋ ወደ መኪናው አፈግፍጋ እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ ዓይኗን ጋረደች።

«ሻምበል፣ ፊትዎ አልታይ አለኝ» አለች በፈገግታ፤ «እስቲ ከነልጆቹ ብረቱን ደገፍ ይበሉልኝ!»