የእፀገነት አጥር

አቶ ሀብተ ሥላሴ ሞጣ ያለ አንድ የገበሬዎች ዩኒየን ሥራ አስኪያጅ ናቸው። የዋናው ኮምፒውተር የበላይ ይለፍ ቃል በእጃቸው ስላለ፣ ኮምፒውተር የሚያውቁ ይመስላቸዋል።

መጋቢት ላይ ከብቸና የተቀጠረችው የኮምፒውተር ባለሙያ እፀገነት ዋናው ኮምፒውተር ላይ አዲስ ደንብ ጫነች። በደንቡ መሠረት እያንዳንዱ ፕሮግራም የተፈቀደለትን ፋይል ብቻ ይነካል። ይለፍ ቃሉን የያዘ አለቃም ቢሆን ከደንቡ አያልፍም።

«ምእመን የቱንም ያህል ባለጸጋ ቢሆን መቅደስ አይገባም አይደል?» አለቻቸው።

«እኔ ምእመን፣ ፕሪንተሩ ቄስ ሊሆን ነው?» ብለው ሳቁባት። «በይ ደንብሽ ለጊዜው ዳር ቆሞ ይይ። የቀረውን እኔ እነግርሻለሁ።»

ከዚያ ወዲያ በቢሮው ለተበላሸ ነገር ሁሉ ጥፋተኛው ደንቡ ሆነ። ፕሪንተር ወረቀት ሲነክስ፣ «የእፀገነት አጥር ነው» ይላሉ። ኔትወርክ ሲንቀራፈፍም ያው አጥሩ ነው። ገንዘብ ያዡ አብዱልዋሂድ እንኳ፣ «ዛሬ ደግሞ የሻይ ብርጭቆዬን ከለከለኝ» እያለ ያስቃቸው ነበር።

እፀገነት ስለ ደንቡ ልታነጋግራቸው ሁለት ጊዜ ቢሯቸው ሄዳለች። «የአጥርሽን ጣጣ እዚያው!» ብለው መለሷት።

ሰኔ ላይ የቢሮውን አሠራር የሚያዩ እንግዶች ይመጣሉ ተባለ። ሥራ አስኪያጁ ዋናው ኮምፒውተር ላይ ብቻቸውን ሲታገሉ ዋሉና፣ «አሮጌ ኮተት ሞልቶበት ነበር፤ ጠረግሁት» ብለው ለሠራተኛው አወሩ።

ሐምሌ ገባ። የግንደወይን ገበሬዎች የጤፍ ምርጥ ዘር ሊወስዱ ሲመጡ፣ ለማን ስንት እንደሚደርስ የተጻፈበት የድልድል ፋይል ዋናው ኮምፒውተር ላይ የለም። ያለ ድልድል ደግሞ አንድ ኩንታል ከመጋዘን አይወጣም። ዝናቡ ማንንም አይጠብቅም።

የቦርድ አባላት በአስቸኳይ ተሰበሰቡ።

«ፋይሉን አጥሩ ውጦታል!» አሉ አቶ ሀብተ ሥላሴ ጠረጴዛውን እየደበደቡ። «በገዛ ቤታችን ዘበኛ አቁማ እኛኑ ከለከለችን። ዛሬውኑ ትሰናበት!»

አባላቱ በመስማማት ራሳቸውን ነቀነቁ። አብዱልዋሂድ አልቀለደም።

የቦርዱ ሰብሳቢ አቶ ወልደ ኪዳን የሚዘራ ማሳ ያላቸው ሽማግሌ ናቸው። ወደ እፀገነት ዞሩ።

«ልጄ፣ እንጀራሽም አይቅርብሽ፣ ገበሬውም ዘሩ አይለፈው። በቃ፣ ይህን አጥር አንሺልን።»

እፀገነት ግን የምታየው ሥራ አስኪያጁን ነበር።

«ጋሼ፣ ደንቡ እኮ እንዳዘዙኝ እስካሁን ዳር ቆሞ ያያል፤ ይከልክል መቼ አሉኝ?»