መጣሁ

ሁለቱ ወንድማማቾች ፊት ለፊት ዳቦ ቤት ከፍተው ደንበኛ ሲሻሙ ኖሩና አንድ ቀን ታናሽየው ተገደለ። ታላቅየው ገዳይ ቀጥሯል ተብሎ ቢከሰስም፣ «በእናቴ ልጅ ላይ እጄን አላነሳም» ብሎ ሙጭጭ አለ።

ዛሬ የሚመሰክርበት፣ ለግድያው ተቀጥሬ ነበር ያለው ሹፌር ነው። ስም ጠሪው ግን የችሎቱን በር ከፍቶ፣ ተሳስቶ የሟቹን ስም ወደ ኮሪደሩ ጠራ።

«መጣሁ» አለ አንድ ድምፅ ከውጭ።

ታላቅየው ክው አለ። ታናሽየው በሕይወት ሳለ በጠሩት ቁጥር «መጣሁ» ይልና ሰው ገትሮ ያቆይ ነበር፤ ድምፁም ያው የራሱ ነው።

«ማነው እሱ?» አሉ ዳኛዋ ተቆጥተው።

ስም ጠሪው አንገቱን አስግጎ ኮሪደሩን አየ። «ማንም የለም፣ ክብርት ዳኛ።»

ይህን እያለ፣ ተረከዙ የተረገጠ ጫማ እየተጎተተ በአጠገቡ አለፈ። ሁሉም ሰማው፤ የሚታይ ሰው ግን የለም። ከፊት የተቀመጡት እናታቸው ዞር እንኳን ሳይሉ ቦርሳቸውን ከጎናቸው አንስተው ጭናቸው ላይ አደረጉ።

«ዛሬስ አላስጠበቅከንም፣ ልጄ» አሉ።

አግዳሚ ወንበሩ ሲጥጥ አለ።