ውሃ ላምጣልህ

«ቀና ይበሉ» ይለኛል አባቴ፣ አገጬን በሁለት ጣቱ ይዞ። ቀና እላለሁ። ብሩሹን በሳሙናው ላይ ያሽከረክርና ከጆሮዬ ሥር ጀምሮ አረፋውን ይቀባኛል። እጁ አይንቀጠቀጥም። ማንኪያ ሲይዝ ይንቀጠቀጣል፣ የሸሚዙን ቁልፍ ሲቆልፍ ይንቀጠቀጣል፤ ብሩሽ ሲጨብጥ ግን የአርባ ዓመት ፀጉር አስተካካይነቱ ተመልሶ ይመጣል።

«ይሄ እርሻ ነው እንጂ ፊት አይደለም» ይላል። «በሬ ጠምጄ ካልሆነ አልጨርሰውም።»

እስቃለሁ። ይህችን ቀልድ በየጠዋቱ ይነግረኛል፣ እኔም በየጠዋቱ እስቃለሁ። ካልሳቅኩ ይከፋዋል፤ ከተከፋ ደግሞ ቀኑን ሙሉ በር ሲደበድብ ይውላል። ልጁ መሆኔን ከረሳ ሰባት ወሩ ነው። ለእሱ ደንበኛ ነኝ፣ ያውም በየቀኑ የሚመላለስ፣ ፂሙ የማያልቅ ደንበኛ።

መላጫው ምላጭ የለውም። አውጥቼ የጣልኩት እኔ ነኝ። ባዶውን ብረት ጉንጬ ላይ እየሳበ አረፋውን ብቻ ይጠርጋል። ድሮ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሞ፣ በሌላው ወንበር ላይ ሰው የሚላጭበት ምላጭ መደነዙን በድምፁ ያውቅ ነበር። አሁን ምላጭ ይኑር አይኑር አይለይም።

ስለት የተባለውን ሁሉ ደብቀን ነበር። አንዲት መቀስ ረሳን። ባለፈው ሳምንት የአራት ዓመት ልጄን ከምሳ በኋላ በተኛችበት ፀጉሯን ሙልጭ አድርጎ ቆረጠው። ጆሮዋ በሦስት ስፌት ተያያዘ። እሱ ደሙን እያየ «ዝም ብላ ብትቀመጥ ኖሮ» አለ። ሚስቴ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። «ወይ እሱ ይውጣ፣ ወይ እኛ እንውጣ» አለችና ሻንጣ ከቁምሳጥኑ ላይ አወረደች።

ሻንጣው አሁን በሩ አጠገብ ቆሟል፤ የእሱ ልብስ ነው ያለበት። የአረጋውያን መጠለያው መኪና ሦስት ሰዓት ላይ ይመጣል። ጥሩ ኮቱን ሳለብሰው «ወዴት ነው?» አለኝ። «ሱቅዎ ነዋ፣ ደንበኛ ይጠብቅዎታል» አልኩት። ደስ ብሎት ጫማውን ራሱ ፈልጎ አመጣ። ሱቁ ከተሸጠ ስድስት ዓመቱ ነው።

«ጋሼ» እለዋለሁ፣ «አባቴ ታሟል። ራሱን አያውቅም። ለልጄ ፈራሁ። የሚጠብቁት ቦታ ላስገባው ነው። ምን ይሉኛል?»

እውነቱን ለመናገር፣ አይዞህ እንዲለኝ ፈልጌ ነው። ሌላ ማን ይለኛል?

ብረቱ ጉንጬ ላይ ይቆማል።

«ይውሰዱት» ይላል። «እኔም ወስጄዋለሁ።»

«ማንን?»

«አባቴን ነዋ።» አረፋውን በትከሻው ላይ ባለው ፎጣ ይጠርጋል። «እንደ እርስዎ አባት ሆኖ ነበር። ቤቱ ጠፋው፣ ሰው ጠፋው። ባለቤቴ እርጉዝ፣ ቤታችን አንድ ክፍል። ኮቱን አለበስኩትና ወንድምህ ጋ እንሄዳለን አልኩት። ወንድሙ ከሞተ ቆይቷል። አውቶቡስ ተሳፈርን፣ ቀኑን ሙሉ። ጠማኝ፣ ጠማኝ ይል ነበር መንገዱን ሁሉ። መናኸሪያ ስንደርስ አግዳሚ ላይ አስቀመጥኩትና፣ ውሃ ላምጣልህ አልኩት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ በዚያው ተመለስኩ። በማግስቱ ሱቅ ከፈትኩ፤ አሥራ አንድ ሰው ላጨሁ። ለጠየቀኝ ሁሉ የሳንባ ምች ገደለው አልኩ።» ብረቱን እንደገና ያነሳል። «አይንቀሳቀሱ እንጂ።»

አልንቀሳቀስም። አያትህ ሳትወለድ በሳንባ ምች ሞተ ተብዬ ነው ያደግኩት። በዓመት አንድ ቀን አባቴ ሱቁን ዘግቶ ውሃ እንኳ ሳይቀምስ ይውል ነበር፤ ሐዘን ይመስለኝ ነበር። ያኔ በእናቴ ሆድ ውስጥ የነበርኩትም እኔ ነኝ። ያ አንድ ክፍል ቤት የጠበበው በእኔ ነው። ዘር ከልጓም ይስባል የሚሉት ተረት ሁልጊዜ ለሌላ ሰው የተነገረ ይመስለኝ ነበር።

ከውጭ የመኪና ጡሩንባ ይሰማል። «መጣ» ትላለች ሚስቴ ከመኝታ ቤት፤ አትወጣም። ልጄ በሻሽ የታሰረ ጭንቅላቷን በበሩ ብቅ ታደርግና አያቷን ስታይ ወደ ኋላ ትሸሻለች። እሷን ሳይ ውሳኔዬ እንደነበረ ይቀመጣል። እፍረቱም እንደዚያው።

ግማሽ ፊቴ በአረፋ እንደተሸፈነ እነሳለሁ።

«አልጨረስኩም እኮ!» ይላል።

«ሱቅ ስንደርስ ይጨርሱልኛል።»

አስቀምጬው የጫማውን ማሰሪያ ለማሰር እንበረከካለሁ። እጁ አናቴ ላይ ያርፍና እንደ ልማዱ ፀጉሬን እየለየ ወደ ኋላ ይወርዳል። ልጅ ሆኜ ከሱቁ ወንበር ወድቄ ያተረፍኩት ጠባሳ ላይ ሲደርስ ጣቶቹ ይቆማሉ። ወዲያ ይላሉ፣ ተመልሰው ይመጣሉ።

«ልጄ» ይላል። «አንተ ነህ እንዴ?»

«እኔ ነኝ፣ አባዬ።»

ኮቱን ያያል። ሻንጣውን ያያል። ከዚያ ምስጢር እንደሚነግረኝ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ይላል።

«ውሃ ላምጣልህ እንዳትለኝ ብቻ።»

«አልልህም» እላለሁ። ማሰሪያውን አጠብቃለሁ። ጡሩንባው ደግሞ ይጮሃል።

ሻንጣውን ሳነሳ፣ ሚስቴ በጎን ኪሱ የከተተችውን የውሃ ጠርሙስ አያለሁ። እስከ አፉ ሙሉ ነው። አውጥቼ አስይዘዋለሁ። በሁለት እጁ ደረቱ ላይ ጥብቅ አድርጎ ይይዘዋል። እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ውሃውም አብሮት።