ናትኤል ያውቀዋል

መምህርት ትርሲት ተማሪዎቿን አራት አራት አድርጋ በቡድን መድባ ታስተምር ነበር። አንዱ የንባብ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፣ ሌላው የሒሳብ፤ ሁሉም የየራሱ ጠረጴዛ አለው። ከጆሯቸው ጀርባ የተለጠፈው መሣሪያ፣ ልጆቹ አብረው እስካሉ ድረስ አንዱ የተማረውን ለቡድኑ ሁሉ ያካፍላል።

የአንዱ ቡድን አንባቢ ናትኤል ወደ ጅማ በሄደ በሳምንቱ፣ የቡድን ጓደኛው የሐመልማል እናት የሳል መድኃኒት ጠርሙስ ይዛ መጣች።

"ቲቸር፣ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ለሕፃኑ ስንት ማንኪያ እንደምሰጠው የምታነብልኝ ሐመልማል ነበረች። ትናንት ግን አገላብጣ አየችውና አለቀሰች።"

ትርሲት ልጅቷን ጠርታ ጽሑፉን አሳየቻት።

"ናትኤል ያውቀዋል" አለች ሐመልማል።

ሌላ አንባቢ መመደብ ቀላል ነበር። ትርሲት ግን ለዚህች ልጅ አንዲት ፊደል እንኳ አስተምራት እንደማታውቅ ያን ጊዜ ገባት።

"በራሷ እንድታነብ መሣሪያውን ካነሳሁት ሒሳቡም ይጠፋታል" አለቻት እናትየዋን። "ከሀ ነው የምትጀምረው። ይፈቅዳሉ?"

እናትየዋ ልጇን አየቻት።

"ብቻዬን ነው የምማረው?" አለች ሐመልማል።

"ከእኔ ጋር።"

ልጅቷ ትንሽ አሰበች። ከዚያ ፀጉሯን ገለጥ አድርጋ ጆሮዋን ወደ መምህርቷ አዞረች።